ለቤት መከላከያ ሽጉጥ ልትገዙ ላሰባችሁ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰዎች የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሰፈራችን ቤት ተሰበረ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይለፍልኝ ብዬ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ታውን ሃውስ ውስጥ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። መሣሪያ ቤቴ ከገባ ሰባት ዓመት ሆነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። 1,000 ዶላር ካላችሁ ሙሉውን ሽጉጥ ላይ አታውሉት። ግማሹ ለሽጉጡ ይበቃል። የቀረው ሽጉጡ ለሚቆለፍበት ሳጥን፣ ለትምህርትና ለመለማመጃ ጥይት ይሁን። እኔ ይህን ገልብጬ ነው የጀመርኩት። ውድ ሽጉጥ ገዛሁ፣ ሳጥን ሌላ ጊዜ ይደርሳል አልኩ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ለእንቁጣጣሽ የደበቅንላትን ጫማ እዚያው አናት ላይ አገኘችው። አልጋው ጫፍ ላይ ወጥታ፣ ከዚያ መሳቢያውን ረግጣ። ጫማውን ይዛ እየሮጠች ሳሎን መጣች። ከጫማው ካርቶን እስከ ፎጣው አንድ ስንዝር ነበር። እየሳቀች ጫማውን ስታሳየኝ እግሬ ከዳኝ። በዚያው ቀን ነው ሳጥን ልገዛ የወጣሁት።

ስለዚህ ከሳጥኑ እንጀምር። ሁለት ዓይነት ሞክሬአለሁ። አንዱ በጣት አሻራና በባትሪ የሚሠራው ነው፤ ቮልቴክ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣው ዓይነት። ፈጣን ነው፣ ቀን ቀን በጣም ይመቻል። ግን እንጀራ ጋግሬ ወይም ሳህን አጥቤ እጄ እርጥብ ሲሆን አሻራዬን እምቢ ያለኝ ጊዜ አለ፤ ባትሪውንም መከታተል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፎርት ኖክስ የሚሠራው ከባድ የብረት ሳጥን ነው። አምስት የሜካኒክ ቁልፎች አሉት፣ ባትሪ የለውም፣ በጨለማ በጣት ብቻ እየዳሰሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። 250 እና 300 ዶላር መካከል ይወጣል፣ ርካሽ አይደለም። እኔ በዚህኛው ነው የጸናሁት። ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ በብሎን አስሬዋለሁ፤ ያልታሰረ ትንሽ ሳጥን ሌባ አንጠልጥሎት ይሄዳልና። ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ። እናንተም እስኪለምድላችሁ እንዲሁ አድርጉ።

አቅሙ አሁን ለሌለው ደግሞ በነጻ የሚገኝ አለ። ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ የሚባለው ፕሮግራም በብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በኩል የኬብል ቁልፍ ያድላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሎክ ኤንድ ቶክ የሚባለውም እንዲሁ ይሰጣል። ሄዳችሁ «የሽጉጥ ቁልፍ አላችሁ?» ብቻ በሉ። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ ለመሣሪያ ሳጥንና ለቁልፍ ላወጣችሁት እስከ 300 ዶላር የታክስ ቅናሽ ትሰጣለች። ግን ፈቃድ ካለው መሣሪያ ሻጭ የተገዛ መሆን አለበት፣ ለጠቅላላው ፕሮግራም የተመደበው ገንዘብም ጣራ ስላለው ቶሎ ማመልከት ነው። ደረሰኙን አትጣሉ።

አሁን ወደ መሣሪያው። የኛ ወንዶች ላይ የማየው አንድ ነገር አለ። «እኔ ክላሽ እያየሁ ነው ያደግኩት» ብሎ ትምህርቱን የሚዘል ብዙ ነው። እኔም ከዚያው ነኝ። አባቴ ምንሽር ነበረው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ ሲተኮስ ሰምቻለሁ። ግን ሜዳ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጠመንጃና፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጠባብ ኮሪደር፣ ልጆች ከጂፕሰም ግድግዳ ወዲያ ተኝተው እጃችሁ ላይ ያለ ሽጉጥ በፍጹም አይገናኙም።

ግድግዳውን ካነሳሁ ልጨርሰው። እዚህ አገር የቤት ውስጥ ግድግዳ ስስ ጂፕሰም ነው። የሽጉጥ ጥይት ብዙ ንብርብር ይበሳል። የሾትገን፣ ብዙ የእርሳስ ፍሬ በአንዴ የሚተፋው ረጅም ጠመንጃ፣ ትልልቁ ፍሬም ይበሳል። ታውን ሃውስ ወይም አፓርትመንት የምትኖሩ ሰዎች ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት አልጋ ሊኖር ይችላል። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ለቤት የሚሆነው ሆሎው ፖይንት የሚባለው፣ ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ነው። ሰውነት ሲመታ ይሰፋል፣ እንደ መለማመጃው ጥይት በስቶ የመውጣት ዕድሉ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ የሳተ ጥይት ግድግዳውን ያልፋል። ስለዚህ ቀን ላይ ቤታችሁን ዙሩ፤ ከመኝታ ቤቱ በር ቆማችሁ የትኛው አቅጣጫ ልጆች ጋ፣ የትኛው ጎረቤት ጋ እንደሚሄድ እዩ። እኛ ቤት አንድ ብቻ ደህና አቅጣጫ ነው ያለው፣ ወደ ደረጃው ታች። ዕቅዳችን በሙሉ የተሠራው በዚያ ላይ ነው፤ ልጆቹን ወደኛ ክፍል አምጥተን፣ በሩን ቆልፈን፣ 911 ደውለን እዚያው መቆየት። እየዞሩ ሌባ መፈለግ የለም።

የትኛውን ልግዛ ለሚለው መልሴ አሰልቺ ነው፤ ግሎክ 19። ከ1988 ጀምሮ ያለ፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ መለዋወጫው የትም የሚገኝ፣ ዋጋው 500 እና 600 ዶላር አካባቢ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ የጥይት ካዝና ስለማይሸጥ ባለ 10 ነው የምታገኙት። ግሎክ 19 እንዳይተኩስ ከውጭ የሚዘጋበት ማዘጊያ የለውም፣ መከላከያው ምላጩ ራሱ ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ ጣታችሁ ካልተማረ ለናንተ አይሆንም።

ባለቤቴ ግን ግሎኩን ማቀባበል አቃታት። ጉልበት ስለሌላት አይደለም፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው፣ የእጅ አንጓዋም ያማታል። ለሷ የተስማማት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚሠራው ሺልድ ኢዚ ሆነ። ስሙ እንደሚለው ለማቀባበል ቀላል ተደርጎ ነው የተሠራው። በ380 ካሊበር በ2018፣ በ9 ሚሊ ሜትር በ2020 ወጣ። 8 ጥይት ነው የሚይዘው። በዕድሜ ገፋ ላሉ እናቶችና አባቶችም የምጠቁመው ይህንን ነው። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ በ2020 የተሠሩ አንዳንዶቹን ኩባንያው መዶሻቸውን (ሲተኮስ የሚመታውን የውስጥ ክፍል) ሊፈትሽ ጠርቷቸው ነበር። መለያ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ እዩ።

ሾትገን የሚወድ አለ። ሞስበርግ 500 ወይም ርካሹ ወንድሙ ማቨሪክ 88 ጥሩ ናቸው። ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ የሽጉጡ ፈቃድ ጣጣ የለባቸውም። ነገር ግን ረጅም ነው፣ በር ላይ ይጋጫል፣ ባለ 12 ጌጁ (ወፍራሙ ጥይት) ትከሻ ይመታል። ከገዛችሁ ቀለል ያለውን ባለ 20 ጌጁን እዩት። ኤአር 15 የሚባለውን ጠመንጃ ለታውን ሃውስ አልመክርም፤ ሜሪላንድና ዲሲ ብዙዎቹን ከልክለዋቸዋል፣ ከዚያም በላይ ኮሪደር ውስጥ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ተከራይታችሁ ተኩሱ። ማናሳስ ያለው ኢሊት ሹቲንግ ስፖርትስ እና አሽበርን ያለው ሲልቨር ኢግል ግሩፕ የሚባሉት ሬንጆች (የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች) ያከራያሉ፣ ሁለቱም ዘንድ ትምህርት አለ። ኢሊት ሰፊ ነው፣ ቅዳሜ ግን ይሞላል። ፌርፋክስ ዌፕልስ ሚል መንገድ ላይ የኤንአርኤ (የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር) ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ሬንጅ ለማንም ክፍት ነው። የድርጅቱን ፖለቲካ የማትወዱ ልትኖሩ ትችላላችሁ፣ እኔ የማወራው ስለ ሬንጁ ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ጀማሪን አያዋክብም። በሜሪላንድ በኩል ሮክቪል ያለው ጊልበርት ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ይቀርባል።

ስለ አስተማሪ ግን ሬንጁን ሳይሆን ሰውየውን ምረጡ። የመጀመሪያው አስተማሪዬ፣ ስሙንም ቦታውንም አልናገርም፣ አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ራሱ የጦር ሜዳ ታሪክ አውርቶ መጨረሻ ላይ አስር ጥይት አስተኩሶን ወረቀት ሰጠን። የግራ አውራ ጣቴን ከስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ ከሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይኛው ብረት) ኋላ አስቀምጬ መያዜን እንኳ አላየም። በሦስተኛው ጥይት ስላይዱ ወደ ኋላ ሲመለስ ጣቴን ቀደደው። ጠባሳው አሁንም አለ።

ሁለተኛዋ አስተማሪዬ ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አንድም ጥይት አላስነካችንም። ባዶውን ሽጉጥ አስይዛን፣ ከፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ ስላይዱ አናት ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጠችና «ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳቡ» አለችን። የኔ አምስት ጊዜ ወደቀ። ምላጩን ስስብ እጄን በሙሉ እጨምቅ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ጥይቴ ሁልጊዜ ወደ ታች ግራ የሚሄደውም ለዚያ ኖሯል። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ማታ አስር አስር ደቂቃ በባዶ ሽጉጥ እለማመዳለሁ፣ ጥይቶቹን በሙሉ ሌላ ክፍል ትቼ፣ ሽጉጡን ሁለቴ በዓይኔም በጣቴም ፈትሼ። ለዚህ የሚሆን የፕላስቲክ የውሸት ጥይት ይሸጣል። በወር አንዴ ሬንጅ ሄጄ 50 ጥይት ብቻ እተኩሳለሁ። ወጪውም አይከብድም።

አስተማሪ ስትደውሉለት እነዚህን ጠይቁት። በአንድ ክፍል ስንት ሰው ነው? አጠገቤ ቆመህ ታየኛለህ ወይስ ከኋላ ሆነህ? የቤት ውስጥ መከላከል ትምህርት አለህ? ሕጉን ታስተምራለህ? ከስድስት ሰው በላይ ለአንድ አስተማሪ ከሆነ ይቅርባችሁ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ወላጆች የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ መግባት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፣ ጥሩ አስተማሪ ደስ ብሎት ነው የሚቀበለው። ከሬንጅ ስትመለሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ቀይሩ፣ ከዚያ ልጅ እቀፉ። ጢሱ ውስጥ ሊድ፣ መርዛማው እርሳስ፣ አለ። እርጉዝ የሆነች ሰው ይህን ለሐኪሟ ሳታማክር ሬንጅ ባትገባ ይሻላል።

ሕጉን በአጭሩ። ቨርጂኒያ ሱቁ ውስጥ ፎርም ሞልታችሁ የስቴቱ ፖሊስ ያጣራችኋል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት ኤችኪውኤል የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ትምህርት፣ አሻራ፣ 50 ዶላር ማመልከቻ፣ ከዚያ በኋላም ሲገዙ ሰባት ቀን ጥበቃ። ዲሲ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የስቴቱን ፖሊስ ገጽ እዩ፣ የቨርጂኒያ አዲስ ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ነው ሥራ ላይ የሚውሉት።

የኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ፣ ለመለማመድ ተብሎ ሬንጅ ላይ ሽጉጥ በእጅ ማድረግም በሕግ ፊት መሣሪያ መያዝ ነው። «አንተ ዜጋ ስለሆንክ ግዛልኝ» የሚል ወዳጅ ከመጣባችሁ እምቢ በሉ። በፌዴራል ሕግ ለሌላ ሰው ተደብቆ መግዛት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል።

ሹፌር ወንድሞቼ፣ ኡበርም ሊፍትም ሹፌር መሣሪያ ይዞ እንዲሠራ አይፈቅዱም። የቨርጂኒያ መሣሪያ ይዞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድም ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ አይሠራም። አሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ስትሄዱ ሽጉጡን ቤት ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። ደግሞ መኪናውን ወይም ቴሌቪዥኑን ለማስጣል ብሎ ሰው ላይ መተኮስ እዚህ አይፈቀድም። ሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው።

አንድ የማንደፍረውን ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የከፋው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራ አጥቶ ዝም ያለ ሰው ካለ አሁን አትግዙ። ቀድሞ ካለም ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ ሱቆችና ፖሊስ ጣቢያዎች የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው የሚረዳው 988 የሚባለው ስልክ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። እኛ ዘንድ ይህ አይወራም፣ በሐዘን ቤት ብቻ ነው የምንሰማው።

ደግሞ ሽጉጥ ከማሰባችሁ በፊት በራችሁን እዩ። የመቆለፊያው ብረት ከመቃኑ ጋር የታሰረበትን ብሎን አውጡና ለኩት፣ አብዛኛው የጣት መገጣጠሚያ አያህልም። በሦስት ኢንች ብሎን ቀይሩት። ጥቂት ዶላር ነው፣ ሆም ዲፖ አለ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደጃፍ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት ጨምሩበት።

ከስፕሪንግፊልድ ለጠየቅሽኝ እህቴ፣ አሁን ምንም አትግዢ። መጀመሪያ ሬንጅ ሄደሽ ግሎኩንም ኢዚውንም ተከራዪና አወዳድሪ። በሥራ ቀን ጠዋት ባዶ ነው፣ አስተማሪውም ጊዜ አለው። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ እኔና ባለቤቴ በወሩ ሁለተኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። ሁለት ትርፍ የጆሮ መከላከያና መነጽር አለን።