የመጨረሻ መንጋጋ ሲወጣ የእብጠት መርፌ የሚሰጥ ክሊኒክ ጅማ ውስጥ ጠቁሙኝ

ጠያቂ፣ ከኮቺ፦ ጤና ይስጥልኝ። በታች በኩል ያለው የመጨረሻ መንጋጋዬ ወደ ጎን ተጋድሞ ስለቀረ፣ ድዱ ተከፍቶና አጥንቱ ተፍቆ እንደሚወጣ ተነግሮኛል። መምህር በመሆኔ ብዙ ቀን ከክፍል መቅረት አልችልም። እብጠቱን ይቀንሳል የሚባለውን ዴክሳሜታዞን የተሰኘ የስቴሮይድ መርፌ ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚሰጥ ክሊኒክ የምታውቁ፣ የተወጋችሁም ካላችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የአጂፕ ነዋሪ፦ እኔ ተወግቼ ነበር፤ አልመክርዎትም። ፊቴ እምብዛም ስላላበጠ የዳንኩ መስሎኝ በሁለተኛው ቀን ጫት ቃምኩ፤ ሲጋራም አጨስኩ። በአራተኛው ሌሊት ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ዘልቆ ግድግዳ ይዤ አደርኩ። በመስታወት ሳየው ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ ነጭ አጥንት ይታያል። የወጋኝ ክሊኒክ ስመለስ ሳያዩኝ «ይተውሃል» ብለው ሸኙኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እግዚአብሔር ይማርዎት! የትኛው ክሊኒክ ነው? እንዳንሄድበት ይንገሩን።

ከመርካቶ፦ ስለ መርፌው አላውቅም። ነገር ግን ፈረንጅ አራዳ ያለችው ሐኪማችን የአባቴንም የእኔንም የልጄንም ጥርስ ነቅላልናለች፤ እጇ ቀላል ነው። ሌላ ቦታ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

የአጂፕ ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ ሦስት ትውልድ መንቀሏ መርፌው መኖሩን አይነግረንም። ሰው የጠየቀውን እንመልስለት እንጂ።

የጥርስ ክፍል ነርስ፦ የአጂፑ ወንድማችን የገጠመው ሐኪሞች ድራይ ሶኬት የሚሉት ነው፤ ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ የረጋው ደም ወልቆ አጥንቱ ሲጋለጥ ማለት ነው። መርፌው የሚያቀልለው እብጠትንና አፍ አልከፈት ማለትን ነው፤ በጉድጓዱ የረጋው ደም እንዳይወልቅ ግን አይከላከልም። ደሙን የሚያስለቅቀው ማጨስ፣ በኃይል መትፋት፣ መጠጥ በቀጭን ቱቦ መሳብ ነው፤ ቅጠል አላምጦ ቁስሉን መነካካትም አይበጅም። ስለዚህ ቢያንስ ለሳምንት ይተዉት። እብጠቱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚበረታ፣ መርፌው ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም እዚያው ላይ ቢሰጥ ይመረጣል፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ግራም ነው፣ በደም ሥር፣ በጡንቻ ወይም እዚያው ድድ ውስጥ። ክሊኒኩን የምትመዝኑበት ነገር አንድ ነው፦ ከመውጋታቸው በፊት ስለ ስኳር ሕመም፣ ስለ ጨጓራ ቁስለትና ስለ ኢንፌክሽን ይጠይቃሉ? ስኳር ያለበት ሰው በመርፌው ምክንያት ስኳሩ ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ተጋድሞ ለቀረ ጥርስ ራጅ ሳይታይ አይጀመርም፤ እኔ ብሆን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበትን የዩኒቨርሲቲውን የጥርስ ክፍል አስቀድሜ እጠይቅ ነበር።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ጨጓራዬን አልፎ አልፎ ያመኛል፤ ማስታገሻም አይቡፕሮፌን ነው የታዘዘልኝ።

የጥርስ ክፍል ነርስ፦ እንግዲያው ይህን ሳይናገሩ አይወጉ። ሁለቱ በአንድ ላይ ለጨጓራ ይከብዳሉ፤ ሐኪሙ ማስታገሻውን ሊቀይርልዎት ይችላል።

ከመርካቶ፦ ሐኪማችን ቅዳሜም ትሠራለች።