ሮኬቴ 10 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይገለበጣል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ሰላም ናችሁ? ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚባለውን ሮኬት ሠርቶ የማስወንጨፍ የኮምፒውተር ጨዋታ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሳንድቦክሱን ነው የምጫወተው፤ ዕቃው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ያሻኝን እገጣጥማለሁ። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ቁጭ ካልኩ ሌሊቱ ይነጋብኛል። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ሮኬቱን ወደ ጎን ላዘነብለው ስል 8 ወይ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ይገለበጣል። ቀጥ አድርጌ ስልከው ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ደርሶ ተመልሶ ይወድቃል። ሮኬቱ የሚነሳባት የጨዋታው ፕላኔት የከርቢን አየር 70 ላይ ያልቃል አይደል? ታዲያ ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ ከከዚራ

አቦ፣ እኔንም ወር ሙሉ ያንገላታኝ እሱ ነው! ጦርን አስብ። ብረቱ ከፊት ስለሆነ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። ሮኬትም ከባዱ ነገር ወደ ላይ፣ አየር የሚይዘው ወደ ታች መሆን አለበት። ከታች አራት ክንፍ ግጠምለት። ደግሞ ዘግይተህ ነው የምታዘነብለው። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ሲሆን 5 ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ አዘንብለው። ከዚያ አቅጣጫ የምታሳየው ኳስ ላይ ያለውን፣ ሮኬቱ የሚሄድበትን የሚያመለክተውን አረንጓዴ ቢጫ ክብ ተከተል፤ አፍንጫው ከሱ ከራቀ አየሩ ይገለብጠዋል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ 45 ዲግሪ አካባቢ ከሆንክ ጥሩ ነው።

መልስ፦ ከሐረር

ሁለተኛውን እኔ ልመልስልህ፣ ወንድሜ። አየሩ አለቀ እንጂ ስበቱ አላለቀም። 90 ኪሎ ሜትር ላይ መሬት ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል አለ። እዚህ ሐኪም ተራራ ላይ ቆመህ ድንጋይ ወርውር። በበረታህ ቁጥር ርቆ ይወድቃል። እጅግ ከፈጠነ ግን ድንጋዩ ሲወድቅ መሬቱም አብሮ እየጎበጠ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ አይደርስበትም። ምህዋር ማለት ይኸው ነው። ለከርቢን ዝቅተኛ ምህዋር ወደ ጎን በሰከንድ 2,300 ሜትር ገደማ ያስፈልግሃል።

ካርታውን ክፈት። ከፍተኛው ነጥብ 80 ሲደርስ ሞተሩን አጥፋ። እዚያ ልትደርስ ስትል አግድም አዙረህ እንደገና አንድድ፤ ዝቅተኛው ነጥብ ከ70 ሲያልፍ አቁም። ወደ ምሥራቅ የሚባለው ከርቢን ራሷ ወደዚያ ስለምትዞር ነው። በሰከንድ 175 ሜትር ያህል በነፃ ትሰጥሃለች።

መልስ፦ ከመጋላ

ላፕቶፕህ ከተንቀራፈፈ የዕቃውን ብዛት ቀንስ። ብዙ ትንንሽ ታንክ ከመደርደር አንድ ትልቅ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ማቀጣጠል በፊት ደግሞ ኤፍ 5 ን ተጭነህ ጨዋታውን አስቀምጥ፤ ከተበላሸብህ ኤፍ 9 ይመልስሃል። መብራት ጠፍቶ ባትሪህ ቢያልቅም ልፋትህ ከንቱ አይቀርም።

ጠያቂው፦

ተሳካ! ክንፎቹን ገጠምኩ፣ ቀስ ብዬ አዘነበልኩ። አሁን ከፍተኛው ነጥብ 91፣ ዝቅተኛው 78 ኪሎ ሜትር ሆኖ እየዞረ ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን ጮህን፣ እናታችን ደንግጣ ወጣች። ከዚህ ወደ ከርቢን ጨረቃ፣ ወደ ሙን ለመሄድ ስንት ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከሐረር

እንኳን ደስ ያለህ! ወደ ሙን ለመድረስ 860 ሜትር በሰከንድ ገደማ። ለማረፍ፣ ተነስቶም ለመመለስ ሌላ ነዳጅ ያዝ።