ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ቤት ለቤት ለማስጠናት ከየት ልጀምር?

ጀማሪ አስጠኚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመምህርነት ዲፕሎማ አለኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ቤታቸው እየሄድኩ ማስጠናት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ልጅ 8 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ ጥቂት ቃላት ይናገራል፣ ፊደል ገና አልለየም። በምን ልጀምር? ክፍያውንስ እንዴት ልነጋገር?

ሳድስ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ለማየትና ለመጠየቅ አውያቸው። ጆሮውና ዓይኑ ተመርምሯል? የሚጥል በሽታ አለበት? መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወስዳል? መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ በምን ያሳውቃል? የትኛው ድምፅ ይረብሸዋል? ምን ሲሰጡት ደስ ይለዋል? ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያዢው፤ ልጁን ሥራ ላይ የሚያቆይልሽ እሱ ነው።

በ30 ደቂቃ ጀምሪ፦ 7 ደቂቃ ሥራ፣ 3 ደቂቃ እረፍት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፎቶ አስቀምጪ፤ አንዱ አሁን የሚሠራው፣ ሌላው ሲጨርስ የሚያገኘው። የራሱ ኳስ፣ የራሱ ኩባያ ፎቶ ይሁን፤ ከኢንተርኔት የወረደ የኳስ ሥዕል ለብዙዎቹ ሌላ ዕቃ ነው። እንደጨረሰ ወዲያው ስጪው፤ ከዘገየ ለምን እንዳገኘው አይገባውም።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት ቶሎ በመርዳት ነው። ከጠየቅሽው በኋላ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ካልመለሰ በጣትሽ ጠቁሚ፣ አሁንም ካልሆነ እጁን ይዘሽ አሳዪው፤ በሚቀጥለው ዙር ግን እርዳታውን ቀንሺ። ካልቀነስሽ ፊደሉን ትቶ ጣትሽን ማየት ይለምዳል።

አቡጊዳ፦
ስለ ፊደሉ ልጨምር። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያልሽ በዜማ አታስጀምሪው። ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ ሂን ለብቻ ስታሳዪው ግን ከሀ ተነስቶ ካልቆጠረ አያውቃትም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ከሀሁ ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚመጣው በዜማ የተያዘውን ዓይን እንዲለየው ነው።

ቅርፃቸው በተራራቀ 3 ፊደላት ጀምሪ፤ ለምሳሌ መ፣ ተ፣ ገ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ለ እና ሰ አንድ ሳምንት ላይ አይገናኙ። ድምፃቸው አንድ ከሆኑት (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) አንድ አንዱን ብቻ ያዢ፤ የቀሩት ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይደርሳሉ። በአንድ ካርድ አንድ ፊደል፣ መዳፍ በሚያክል መጠን፣ ሁሌም በጥቁር። በቀን 10 ጊዜ ጠይቂው፤ ለ3 ተከታታይ ቀናት ከ10ሩ ጥያቄ 8ቱን ሲያገኝ አዲስ ጨምሪ። ከግዕዙ (ከመጀመሪያው ቅርፅ፦ መ፣ ተ፣ ገ) በኋላ ካዕብ (ሁለተኛው) ይምጣ፦ ሙ፣ ቱ፣ ጉ፤ ምልክቱ በቀኝ በኩል ስለሚወጣ ሥርዓቱን ያየዋል። ሩ እና ፉ ከዚህ ስለሚያፈነግጡ ቆይተው ይምጡ። ሳድስ (ስድስተኛው፦ ም፣ ት፣ ግ) ቋሚ ምልክት ስለሌለው እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምታስተምሪው፤ ብዙ ጊዜ መድቢለት።

ደብተር፦
ክፍያውን በወር ተነጋገሪ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ይጻፍ፦ በሳምንት 3 ቀን፣ በወር 12 ክፍለ ጊዜ። እነሱ በዕለቱ ከሰረዙ ይቆጠራል፤ አንቺ ከቀረሽ ታካክሻለሽ። ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ በሁለተኛው ወር ቅሬታ ይመጣል። በር ክፍት ይሁን፣ ቤት ውስጥ አዋቂ ሰው ይኑር። «ይድናል» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ፤ «እነዚህን 6 ፊደላት ለብቻቸው ሲያይ እንዲለይ እሠራለሁ» በያቸው፣ ውጤቱንም በየቀኑ መዝግቢ። ለሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም አለ፤ ገብተሽ ማየት ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ።

ጀማሪ አስጠኚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲጮህ ወይም ሲናከስስ?

ሳድስ፦
ከመጮሁ በፊት የሆነውን ጻፊ፦ ሥራው ከበደው? ጫጫታ ነበር? ርቦታል? በሳምንት ውስጥ መንስኤው መታየት ይጀምራል። «በቃ» የሚል ካርድ ስጪውና ባነሳው ቁጥር ሥራውን አቁሚለት፤ መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ቢያነሳውም እንኳ። ካርዱ እንደሚሠራ ሲያምን ነው መናከሱን የሚተወው። ከዚያ በኋላ «አንድ ካርድ ብቻ፣ ከዚያ በቃ» እያልሽ ታራዝሚዋለሽ።