የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ከጀመሩ ወዲህ እናቴን ጡንቻቸውን ያማቸዋል፤ ሌሊትም ያልባቸዋል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ62 ዓመት እናቴ ለስኳር ሕመማቸው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ ማታ ማታ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ለዓመታት ያለ ችግር ሲወስዱ ቆይተዋል። በቅርቡ ሌላ ክሊኒክ ለጨጓራ ባክቴሪያ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል አዘዘላቸው። ከዚያ ወዲህ ጭናቸውንና ትከሻቸውን በጣም ያማቸዋል፤ ሌሊትም እያላባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤቶች የኮሌስትሮሉን መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንዲተዉት ይመክሯቸዋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ (የፋርማሲ ባለሙያ)፦ ሁለቱም ምልክቶች ከክላሪትሮማይሲን ጋር የተያያዙ ይመስለኛል። ይህ መድኃኒት ሲምቫስታቲን በጉበት ውስጥ የሚሰባበርበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ የሲምቫስታቲን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ጨምሮ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህም ሁለቱን አብሮ መውሰድ ክልክል ነው። የግሊቤንክላማይድንም ኃይል ሊያበረታ ስለሚችል፣ የሌሊቱ ላብ የስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ለሐኪም ያሳዩአቸው፤ እስከዚያው ሲምቫስታቲኑን አይስጧቸው። ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ሰውነታቸው ከዛለ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

መልስ (የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ)፦ በሚያልባቸው ጊዜ ስኳራቸውን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያም ከሌለ ሳይጠብቁ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩና ምግብ ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ። ግሊቤንክላማይድ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ሕክምና ላይ እያሉ ባይጾሙ እመርጣለሁ።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦ በጎረቤቶቹ ምክር አልስማማም። የስኳር ሕመም ራሱ ለልብ ድካምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ዓመት ለሆኑ ሕመምተኞች የኮሌስትሮል ልኬታቸው ከፍ ባይልም እንኳ ይህ ዓይነት መድኃኒት ይመከራል። ሐኪማቸው የጡንቻ ኢንዛይምና የኩላሊት ምርመራ አይቶ ክላሪትሮማይሲኑን በሌላ ሊለውጥ፣ የግሊቤንክላማይዱን መጠን ሊያስተካክል፣ ሲምቫስታቲኑንም መቼ እንደሚመለሱበት ሊወስን ይችላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘን ዛሬ ከሰዓት ወደ ክትትል ሐኪማቸው እንሄዳለን።