ታሪፉ ካልቀነሰ ሕጉ ምን ለወጠ?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን። አሜሪካ በ2000 ለቻይና ቋሚ መደበኛ የንግድ ግንኙነት የሰጠችበትን ሕግ እያነበብኩ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ሁሉም "በሩን የከፈተው እሱ ነው" ይላል። ግን ከሕጉ በፊትም በኋላም በቻይና ዕቃ ላይ የሚጣለው ታሪፍ ያው ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ንትርክ ለምን?

የጉምሩክ ሰው፦
የአሜሪካን የታሪፍ ሰንጠረዥ ስታይ አንድ ዓምድ ዘለሃል። ዳር ላይ ያለውን፣ ሁለተኛ የሚባለውን እየው፤ መደበኛ የንግድ ግንኙነት የሌላቸው አገሮች የሚከፍሉት እሱን ነው። አሻንጉሊት በመጀመሪያው ዓምድ ዜሮ ነው፤ በሁለተኛው 70 በመቶ! ይሄ ዓምድ ታሪፍን በጣም ከፍ ያደረገው የ1930ው የስሙት-ሆውሊ ሕግ ትራፊ ነው። ኩባና ሰሜን ኮሪያ እዚያ ናቸው፤ በ2022 ሩሲያና ቤላሩስም ተጨመሩ።

ቻይና ከ1980 ጀምሮ ከዚያ ወጥታለች፤ ግን በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ። ጣጣው የመጣው በ1974ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ካለው የጃክሰን-ቫኒክ አንቀጽ ነው፤ ዜጎቻቸው እንዳይወጡ ለሚከለክሉ ኮሚኒስት አገሮች መደበኛውን ታሪፍ የሚነፍግ አንቀጽ። ዋና ዒላማው ሶቪየት ኅብረት ነበረች፣ አይሁድ ዜጎቿን አላስወጣም ስላለች። ቻይናም ኮሚኒስት ናትና አብራ ተያዘች። ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ፈቃዱን ያድስ ነበር፣ ኮንግረስ ደግሞ ልሻረው ብሎ ይነሳ ነበር። በተለይ ቤጂንግ ውስጥ ሰልፈኞች ከተገደሉበት ከ1989ኙ የቲያናንመን ግድያ በኋላ ነገሩ ከረረ።

አሁን እንደ አስመጪ አስበው። እዚያ ፋብሪካ ልትተክል ነው። ዘንድሮ ዜሮ፣ ከርሞ 70 ሊሆን ይችላል። ማን ደፍሮ ገንዘቡን ያፈሳል? ሕጉ ያነሳው ይሄንን ስጋት ነው።

ሦስተኛ ሰው፦
ልጨምር። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ያለ ቅድመ ሁኔታ እኩል ታሪፍ መስጠት አለባቸው። ቻይና ደግሞ በ2001 አባል ሆነች። በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ከዚያ ደንብ ጋር አይሄድም። ቬትናም በ2006፣ ሩሲያ በ2012 ተመሳሳይ ሕግ የወጣላቸው ለዚሁ ነው። የሩሲያው እንዲያውም ሰብዓዊ መብት የጣሱ ሩሲያውያንን ከሚቀጣው የማግኒትስኪ ሕግ ጋር ተጣብቆ ነው የጸደቀው፤ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቆንጠጥ።

ጠያቂ፦
አሃ፣ ገባኝ። የቻይናው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ237 ለ197 ድምፅ፣ በብዙ ክርክር ያለፈው ለዚህ ነዋ። ታዲያ የተቃወሙት የሠራተኛ ማኅበራት ተሳስተው ነበር?

የጉምሩክ ሰው፦
እኔ አልልም። ያ ዓመታዊ ድምፅ ቻይናን የሚጫኑበት መሣሪያ ነበር። ሕጉ ሲጸድቅ ከእጃቸው ወጣ። ይሄን ደግሞ ቀድመው አውቀውታል።