ክርክር፦ ስለ መንግሥቱ ኃይለማርያም ሲጻፍ «አለ» ነው ወይስ «አሉ»?

መነሻ (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁም። አምስት ሆነን የኢትዮጵያ መሪዎችን አጭር የሕይወት ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት እየጻፍን ነው። ደንባችን አንድ ነው፤ ለማንም አንወግንም። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ጋ ስንደርስ ግን የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለት ሳምንት ቆምን። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «መንግሥቱ ኃይለማርያም ከ1969 እስከ 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመሩ ወታደር ናቸው።» አንዱ «የመሩ» የሚለውን «የገዛ» አደረገው። ሌላዋ «አምባገነን» ጨመረችበት። ሦስተኛው ሁሉንም ሰርዞ «ቆራጡ መሪ» ብሎ መለሰው። በአማርኛ ደግሞ ማምለጫ የለም፤ ግሱ ራሱ ወገን ያስይዝሃል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የታሪክ መምህር (ደሴ)
እኔ «አሉ» ባይ ነኝ። ለሰውዬው ብዬ አይደለም። ርዕሰ ብሔር የነበረ ሁሉ አንቱ ይባል፤ ወደድነውም ጠላነውም። ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር አለ። ተማሪዎቼ የሚወዱትን ንጉሥ «ዘመቱ» ይላሉ፣ የሚጠሉትን «ዘመተ»። ገና አንድ ማስረጃ ሳያቀርቡ ፍርዱን በግሱ ጨርሰውታል።

ከቨርጂኒያ
ወንድሜ በ1970 ሲገደል 17 ዓመቱ ነበር። እናቴ አስከሬኑን ልትወስድ ስትሄድ የጥይት ዋጋ ክፈይ ተባለች። ከፈለች። ማልቀስ ክልክል ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያ የታፈነ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን በእናንተ ጽሑፍ መሪው «አዘዙ» ሊባል ነው፣ ወንድሜ «ተገደለ»። ያዘዘው እሳቸው፣ የሞተው እሱ። ይህን ገለልተኝነት ካላችሁት አልቀበልም።

ከአዳማ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሕመምሽን አልክድም። የእኔን ቤትም ስሚኝ። አባቴ ጢሰኛ ነበር። ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ እየሰፈረ ነው ያደገው። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጢሰኝነቱ ቀረ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠረ። ደብተሩ ዛሬም ቤታችን አለ። አንዱ ገጽ ከላይ እስከ ታች የገዛ ስሙ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ተንጋዶ፣ ታች ሲደርስ ቀጥ ብሎ። ያ ዘመቻ ከዩኔስኮ የተሸለመ ነው። «አምባገነን» ብላችሁ ከከፈታችሁት አባቴ ሁለተኛውን መስመር አያነብም።

ከቨርጂኒያ
አባትህን አከብራለሁ። ግን ምስጋናው ለማን እንደሚሄድ እንነጋገር። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ነው። አዋጁ ሲወጣ የደርግ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ፤ መንግሥቱ ምክትል ነበር።

ከአዳማ
ይኸው፤ ተፈሪ በንቲን «ነበሩ» አልሽ፣ መንግሥቱን «ነበር»። አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ።

ከቨርጂኒያ
ልክ ነህ። ሳላስበው ነው የወጣው። ጄኔራሉም ጥር 26 ቀን 1969 የተገደሉ ሰው ናቸው፤ ለዚያ ይሆናል።

ጋዜጠኛ (አዲስ አበባ)
«አለ» እና «አሉ» ላይ ብቻ አንቆም። ከዚያ የባሱ ቃላት አሉ። «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ተመልከቱ። ዛሬም ሰዉ ሳያስተውል ይጽፈዋል። የዚያ ዘመን መግለጫ ቋንቋ ነው፤ ሰውን ገድሎ ሥራ የሠራ የሚያስመስል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ተረሸኑ» ብለህ ጻፍ። ስድብ አይደለም፤ የሆነው እሱ ነው።

ዐፄ ኃይለሥላሴንም ውሰዱ። ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ። ከ1983 በኋላ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ታንቀው ተገደሉ ብሎ ከሰሰ። «አረፉ» ብለህ ካለፍክ ደርግን አመንክ ማለት ነው። ማን ምን እንዳለ ከነጊዜው አስቀምጥ።

«አምባገነን» የሚለውንም እኔ አልጽፈውም። አላስፈለገኝም። በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ እያነሱ መሬት ላይ ፈጥፍጠዋል። የአብዮቱ ጠላቶች ደም እንዲህ ይፈሳል ለማለት ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ቅጽል አይፈልግም። መጨረሻውም እንደዚያው ነው። «ፈረጠጠ» ካልክ አንዱ ያኮርፋል፣ «ደም እንዳይፈስ ብለው ሄዱ» ካልክ ሌላው ይቆጣል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጡ፣ ዚምባብዌ ጥገኝነት ሰጠቻቸው። በቃ።

ከአዳማ
ፍርዱስ? «ዘር ማጥፋት» ተብሎ ሲጻፍ ሰው ሁሉ የትኛውን ዘር ነው ያጠፉት እያለ ይከራከራል።

ጋዜጠኛ (አዲስ አበባ)
ጥሩ አነሳህ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው አንዲት መስመር ስለምትጎድል ነው። በ1949 የወጣው የኢትዮጵያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘር ማጥፋት የሚለው የፖለቲካ ቡድኖችን ማጥፋትንም ይጨምራል። ዓለም አቀፉ ስምምነት እነሱን አይጠቅስም። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 በሌሉበት ጥፋተኛ ያላቸው በአገራችን ሕግ ነው። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ቀየረው። ይህን ስትጽፍ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከርበትን ነገር አወቀ። የቀይ ሽብር ሟቾች ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። ከአሥር ሺዎች ጀምሮ ግማሽ ሚሊዮን የሚሉ አሉ። አንዱን መርጠህ «እንደሚታወቀው» ማለት ውሸት ነው።

ከጅማ
መንግሥቱ ጋ ይህን ያህል ከቆያችሁ፣ ምኒልክ ጋ ምን ልትሆኑ ነው? «አቀኑ»፣ «ወረሩ»፣ «አዋሃዱ»። ሦስቱም አንድን ዘመቻ ነው የሚናገሩት። እኔ ያደግሁበት ሰፈር «አቀኑ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ሽማግሌ የለም። ቢያንስ «ጦር ዘምቶ ግዛቱን ወደ መንግሥታቸው ቀላቀሉ» በሉና ቀጥሎ የሆነውን ተርኩ።

መነሻ (አዲስ አበባ)
ምኒልክን ለብቻ እንከፍተዋለን፤ ሐሳብህን ይዤዋለሁ። ስለ መንግሥቱ ግን ዛሬ ተሰብስበን አንድ ነገር ወሰንን። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ሁሉ አንቱ ይባላል። መሪውም፣ ወታደሩም፣ የተገደለው ተማሪም።

የታሪክ መምህር (ደሴ)
እኔ ያልኩት ለመሪዎች ነበር። የ17 ዓመት ልጅ «ተገደሉ» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞ አንቱ ያላልነው ሁሉ አልተናቀም። እግዚአብሔርንስ «አንተ» አይደል የምንለው?

ከቨርጂኒያ
ይቆርቁር። አንባቢው እዚያ ቃል ላይ ቆም ብሎ፣ ልጅ ሆኖ ለምን አንቱ ተባለ ብሎ ይጠይቅ። ይህን ካደረጋችሁ መንግሥቱን «አሉ» በሉ፤ አልከራከርም።

መነሻ (አዲስ አበባ)
እንግዲህ ያለንበት ይህ ነው። «አምባገነን»ም «ቆራጡ መሪ»ም ወጥተዋል። የጠርሙሱ ታሪክ ገብቷል። የመሬት አዋጁ አንቀጽ ላይ የተማሪው ሰልፍና የተፈሪ በንቲ ስም ተጨምሯል፤ መሠረተ ትምህርቱም አለ። የአዳማው ወንድማችን፣ የአባትህን ደብተር ያንን ገጽ ፎቶ አንስተህ ብትልክልን ደስ ይለናል። «የመሩ» ወይስ «የገዙ» የሚለው ላይ ሁለት ለሦስት ነን፤ እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ስጡን።