በቤት የሚታከሙ የካንሰር ታማሚና ሞርፊን፤ ቤተሰቡን እንዴት እናስረዳ?

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ
ወደ አጥንት የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው አባት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው ፈሳሽ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም ታዞላቸዋል። ሴት ልጃቸው «ነፍሳቸውን እንዳናወጣ» ብላ ሲያቃስቱ ብቻ ትሰጣለች። ታላቁ ልጅ ደግሞ «አብዝተን ብንገላግላቸውስ?» ይላል። ግሉኮስ ይተከልላቸው የሚልም አለ። ምን ልበላቸው?

ነርስ፣ ደብረ ብርሃን
ሰዓቱን አስይዟቸው። ሕመሙን እየጠበቁ መስጠት መድኃኒቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ጠዋት 12፣ 4፣ 8 እና ማታ 12 ላይ 5 ሚሊ ግራም፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ 10 ከሰጡ የሌሊቱ 8 ሰዓት ይዘለላል። ሐኪሙ ይህን እጥፍ ካዘዘ ለእንቅልፍ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ሴት ልጅየው ትደነግጣለች።

አደጋው ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ጠርሙሱ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከያዘ 5 ሚሊ ሊትር፣ 2 ከያዘ ግን 2.5 ብቻ ነው። በስሪንጅ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይለካ። ድብታው በጥቂት ቀን ይለቃቸዋል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፣ ስለዚህ ቢሳኮዲል የተባለው የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ።

ሐኪም
ሽንታቸውን ተከታተሉ። ዕጢው መውጫውን ከዘጋ ኩላሊት ይደክማል፣ ሞርፊኑም ይጠራቀማል። እጅ እግራቸው ድንገት ድንገት ከተወራጨ፣ ከቃዡ፣ ወይም ሲቀሰቀሱ አልነቃ ካሉ ቀጣዩን ሳትሰጡ ደውሉ።

ግሉኮሱ በመጨረሻዎቹ ቀናት እግር ያሳብጣል፣ የጉሮሮ ኹርኹርታ ያበዛል። ከንፈርና ምላሳቸውን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማራስ ይሻላል። አጥሚትም በግድ አይሰጥ፤ ትን ይላቸዋል።

ጠበቃ
ታላቁ ልጅ ይወቀው፦ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ራሱን እንዲገድል ሌላውን የረዳ፣ ሞቱ ከተፈጸመ፣ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በገዛ እጁ አብዝቶ ከሰጠ ደግሞ ነገሩ የነፍስ ግድያ ነው፤ አባት ራሳቸው ቢለምኑትም። ሆላንድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈቀደችው እንኳ ለሐኪም ነው፣ ለልጅ አይደለም። ለሕመም በታዘዘው ልክ መስጠት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ጠያቂ
መቁረብ ይፈልጋሉ። እንዳያደነዝዛቸው የጠዋቱን ልዝለለው?

ነርስ፣ ደብረ ብርሃን
አይዘለል፤ ሕመሙ ራሱ ልብ ያስታል። ድብታው የሚበረታው ከወሰዱ ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ ለንስሐ የሚሻለው ቀጣዩ ሊደርስ ሲል ነው። ከቁርባን በፊት መድኃኒት መውሰዱን ንስሐ አባታቸው ይወስኑ። መዋጥ መቻላቸውን ግን በጥቂት ጠበል ቀድማችሁ ሞክሩ፤ ካሳላቸው ቄሱ ሳይመጡ ይነገራቸው።